አደይ ያልሆነው ቢጫ አበባ

ካምፓላ፣ ካምዎክያ ሰፈር በተከራየሁበት ግቢ ከአጥሩ ሥር ያለውን ጉድ የተከልኩት እኔ ነኝ፤ በማንም አላሳብብም። ከተማዋ በገባሁበት ዓመት እንቁጣጣሽ ሊደርስ ሲል፣ መንገድ ዳር ቢጫ አበባ አይቼ ልቤ ቀጥ አለ። "አደይ!" ብዬ የተሳፈርኩበትን ቦዳ፣ የኪራይ ሞተር ሳይክሉን፣ አስቆምኩና ወረድኩ። አንድ እቅፍ ቆርጬ ለቤተ ክርስቲያን ወዳጆቼ አደልኩ፤ የተረፈውን ግንድ አፈር ውስጥ ሰካሁት። ያዘ። ደስታዬን አትጠይቁኝ!

አደይ ብትሆን ኖሮ ከወገቤ አታልፍም፣ ከመስከረምም ብዙ አትዘልቅም ነበር። ይህኛው በዓመቱ ከጣሪያው እኩል ሆነ፤ በጥርም ያብባል። ከሜክሲኮ መጥቶ አገር ያዳረሰ አረም መሆኑን ሰምቻለሁ፤ ሰምቼም ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ያገሬ ሰዎች በየዓመቱ ቤቴን "አደይ ቤት" እያሉ ለአበባ ይመጡ ነበርና፣ ኩራቴ ሌላ ነበር።

አከራዬ አሮጊት ናቸው፤ እንደ ሰፈሩ ሰው "ጃጃ" እላቸዋለሁ፣ አያቴ እንደ ማለት ነው። አምና በጳጉሜ ልጃቸው ወለደች። ጃጃ ሳፋ ይዘው ወደ አጥሩ ሥር ሄዱ። እዚያ ድሮ ማንም ያልዘራው ቅጠላ ቅጠል ይበቅል ነበር፤ የአገሩ ሰዎች፣ ባጋንዳዎች፣ አዲስ የተወለደ ሕፃን የሚያጥቡበት ነው። ቁጥቋጦውን እየገፉ፣ ጎንበስ ቀና እያሉ ቆዩና ባዶ ሳፋ ይዘው ተመለሱ። ከእኔ ተክል ሥር አንዲት ቅጠል አልተረፈችም።

"ጃጃ፣ ምነው ሳይነግሩኝ?" አልኳቸው።

"የበዓላችን አበባ ነው አልሽኝ። የሰው በዓል እንዴት ልንቀል?"

በራሴ በገንኩ። ወዲያው ዶማ አንስቼ ወረድኩበት። አበባ ልትቀጥፍ የመጣች ወዳጄ በሩ ላይ ደርሳ ጮኸች።

"ያምሻል እንዴ? ነገ እኮ እንቁጣጣሽ ነው!"

"አደይ አይደለም።"

"ቢጫ አይደል? ማን ያውቅብናል?"

"እኔ አውቃለሁ" አልኩና ባዶ እጇን ሸኘኋት።

ብዙዎቹ ተቀይመውኛል። ይቀየሙ! አረሙም እንደ እነሱ ቂመኛ ነው፤ ከቀረች ሥር ሁሉ ያቆጠቁጣል። ቅዳሜ ቅዳሜ እነቅላለሁ፤ የነቀልኩትን ቆርቆሮ ላይ አድርቄ አቃጥላለሁ፣ አለዚያ በጣልኩበት ይበቅላል። እሱ እስኪሰለቸው እኔ አይሰለቸኝም።

ዘንድሮ የጃጃ ምራት ነፍሰ ጡር ናት። መሬቱ ገና ራሰ በራ ነው፤ አንድ ጥግ ላይ ብቻ ሁለት ሦስት የሕፃን ማጠቢያ ቅጠል ብቅ ብሏል። ጃጃ ጎንበስ ብለው ዳሰሱት።

"አልደረሰም" አሉ።

"ይደርሳል።"

"ሕፃን አይጠብቅም፣ ልጄ።"

ልክ ናቸው። የመጀመሪያውን ሕፃን ከናካዋ ገበያ በተገዛ ቅጠል ነው ያጠቡት፤ ሁለተኛውም እንደዚያው ይሆናል። ለሦስተኛው ግን ከገዛ አጥራቸው ሥር ይለቅማሉ። እስከዚያ ከዚህ ቤት የሚያስወጣኝ የለም።