የሐምሌዋ ደላላ

የሱሉልታ ደላሎች በጃንሆይ ጊዜ አንድ ያልተጻፈ ሕግ ነበራቸው። ሰኔ ሚካኤል ካለፈ እስከ መስቀል ድረስ መሬት ለገዢ አይታይም። ምክንያቱን የጠየቃቸው የአዲስ አበባ ሰው ካለ «መሬትም በክረምት ያርፋል» ይሉታል፣ ሰንበት የሚያስከብሩ ይመስል። እውነቱን ግን የሱሉልታ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ያ ሜዳ በጥር ወር ድርቆሹ ታጭዶና ተከምሮ፣ የእንጦጦ ተራራ ከወዲያ ቆሞ ሲታይ፣ እዚህ ቤት ያልሠራ ሰው ምን ኖረ ያሰኛል። በሐምሌ ያው ሜዳ ውሃ ነው። በጥር የገዛ በሐምሌ ያለቅሳል፤ ደላላው ደግሞ የድለላውን ከበላ ቆይቷል።

እኔ ጌታቸው እባላለሁ። በጎጃም መንገድ ዳር ሻይ ቤት ነበረኝ። አውቶቡሱ ደጄ ላይ ይቆም ስለነበር ደላሎቹ ቀኑን ሙሉ ከአግዳሚ ወንበሬ አይነሱም ነበር። ስለዚህ የማወራው የሰማሁትን ሳይሆን ያየሁትን ነው። ለማውራት የተነሳሁትም ተናድጄ ነው። በቀደም አንድ ሰው ስለ የሺወርቅ ሲያነሳ «ምስኪን ሴት ነበረች» ሲል ሰማሁ። ምስኪን! ያቺ ሴት የአገሩን ደላላ ሁሉ ሱሪውን አስጠቅልላ ውሃ ውስጥ ያስገባች ናት።

የሺወርቅ ከባሏ ከጥሩሰው ጋር ከቡልጋ የመጣች ናት። ጥሩሰው የመንገድ ሥራ መኪና ሾፌር ነበር። መሬት የገዙት በጥር ነው፤ ያሻሻጣቸውም ወንዳፍራሽ ነው። ወንዳፍራሽ የደላሎቹ አለቃ ነበር። ማንም አልሾመውም፣ ድምፁ ሾመው እንጂ። ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ባዶ ሜዳ ላይ «ይኼ ሳሎኑ፣ ያ በረንዳው» እያለ ሲያሳይ፣ በሌለ በር ጎንበስ ብሎ ይገባ ነበር። ገዢውም ተከትሎት ጎንበስ ይላል። ጥሩሰውና የሺወርቅም ጎንበስ ብለው ገቡ።

እዚያው ላይ ቤት ሠሩ፤ ሐምሌ ሲመጣ ውሃውም ገባ። አንድ ቀን ጠዋት ሲነቁ ጫማቸው አልጋው ሥር ይንሳፈፋል። ጥሩሰው ጭቃውን እየረጨ ሻይ ቤቴ ድረስ መጥቶ «ምን ዓይነት ጉድ ነው የሸጥክልኝ?» ብሎ ቢጮህበት፣ ወንዳፍራሽ ብርጭቆውን እንኳ ሳያስቀምጥ «ወንድሜ፣ ያየኸውን ገዛህ» አለው። ይህ የደላሎቹ ሁሉ መልስ ነበር። ሲሰሙት የዳኛ ቃል ስለሚመስል ሰው አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። ጥሩሰውም ተመለሰ።

በሚቀጥለው ዓመት ክረምት ጥሩሰው በሳንባ ምች ሞተ። ውሃው ገደለው ብዬ እኔ አልምልም፣ የሺወርቅ ግን ትምላለች። ዘመዶቿ መጥተው ወደ አገርሽ እንመልስሽ ቢሏት እምቢ አለች። ዶማ ይዛ ወለሉን ቆፈረችና ከጓዳው እስከ ደጁ ድረስ በአልጋዋ ሥር የሚያልፍ ቦይ አወጣች። ክረምት ክረምት ውሃው በጓዳ ገብቶ በበር ይወጣል፣ እሷም ከላዩ ትተኛለች።

ኀዘኗን እንዳወጣች አንድ ጠዋት ወደ ሻይ ቤቴ መጣችና ከደላሎቹ መሃል አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች።

«ከዛሬ ጀምሮ እኔም ደላላ ነኝ» አለች።

ደላሎቹ ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ሳቁ። ወንዳፍራሽ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ብሎ ተረተባት።

«በወንድ ያለቀውንማ እኔው ቤት መጥተው ይዩት አቶ ወንዳፍራሽ፤ ጫማ ያንሳፍፋል» አለችው።

ሁሉም ተነስተው አግዳሚውን ለቀቁላት። እሷ ነጠላዋን ዘርግታ «ሰፋልኝ፣ ተመስገን» አለችና ሻይ አዘዘች። ወንዳፍራሽ ወደ እኔ ተጠግቶ ለእሷ ከቀዳህ እኛ እዚህ አንቀመጥም ቢለኝ ደሜ ፈላ። «በአንድ ሻይ ግማሽ ቀን የምትቀመጡ ሰዎች ብትሄዱልኝ ወንበሬ ያርፋል» ብዬ ቀዳሁላት። ሄዱ። አውቶቡሱ የሚቆመው ግን እኔ በር ላይ ነውና ብዙም ሳይቆዩ ተመለሱ፤ ይኸው ነው ኩራታቸው።

ለአዲስ ደላላ ወንበር ማግኘት ቀላሉ ነገር ነው። ባለመሬቱ «ከዚህ በፊት ለማን አሻሽጠሻል?» ይላታል። ለማንም። እንግዲያው መሬቱን አይሰጣትም። መሬት ከሌላት ምን ታሻሽጥ? ከአውቶቡስ የወረደ እንግዳ ይዛ ትሄድና ዞር ስትል እንግዳው የለም፤ ከወንዳፍራሽ ሰዎች አንዱ ክንዱን ይዞ ወስዶታል። አንዱ ከረባት ያሰረ ገዢ ደግሞ «ሴትዮ፣ ባልሽን ጥሪልኝ፣ ከእሱ ጋር እንነጋገር» አላት። «ባሌ መሬት ገብቷል፤ መሬት የማሳየው እኔ ነኝ» አለችው። ሰውየው ቀልድ መስሎት ሳቀ።

መሬታቸውን አምነው የሰጧት ኦቦ ባጫ ብቻ ነበሩ። ኦቦ ባጫ ከመንገዱ ማዶ ሰፊ የግጦሽ መሬት ያላቸው ሽማግሌ ናቸው። ወንዳፍራሽ ሲያያቸው ባርኔጣውን እንኳ አይነካም። የሺወርቅ ግን ገበያ ላይ ወተት ስትገዛቸው ሁልጊዜ «አካም ቡልተኒ ኦቦ ባጫ» ብላ በቋንቋቸው ሰላምታ ሰጥታ፣ ቤተሰቡን ከብቱን ጠይቃ ነው።

«ልጄን ልድር ነው፣ ከመሬቴ ቆርጬ እሸጣለሁ» አሏት አንድ ቀን። «ወንዳፍራሽ ብዙ ያወራል፣ ራሴን ያመኛል። አንቺ ሽጪልኝ።»

በዚያው ዓመት በጥር ሰይዳ የምትባል የመርካቶ ጨርቅ ነጋዴ ከአውቶቡስ ወረደች። የሺወርቅ ይህችን እንኳ ክንዷን ይዛ እስከ ማዶ ወሰደቻት። ሰይዳ የኦቦ ባጫን ሜዳ ስታይ ጫማዋን አውልቃ በታጨደው ሣር ላይ ሄደችበት። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«እህቴ፣ ይኼ ነው» አለች። «ሌላ አላይም። ዛሬውኑ እንጨርስ።»

ኦቦ ባጫ እማኝ የሚሆኑ ጎረቤቶች ሊጠሩ ተነሱ። ለየሺወርቅ የመጀመሪያ ሽያጯ ነበር፤ ሰው ሁሉ ለማን አሻሽጠሻል ሲላት የምትመልሰው ሊኖራት ነው። እሷ ግን «የሚኖርበት ማነው?» ብላ ጠየቀች።

«እናቴ ናት። ቁርጥማት አለባት። ፀሐይ እየሞቀች፣ ከብት እያየች ትቀመጥ ብዬ ነው።»

የሺወርቅ ወደ ኦቦ ባጫ ዞራ «ክረምት ላይ ውሃ ይተኛበታል?» አለቻቸው።

ኦቦ ባጫ ጢማቸውን ዳበስ አድርገው «ለላም በጣም ጥሩ ነው» አሉ።

ሰይዳ ሳቀች። የሺወርቅ አልሳቀችም። ክረምት ሲገባ ወደዚያ ማዶ ለጉዳይ የሚሻገር ስለሌለ እሷም መሬቱን በዝናብ አይታው አታውቅም። ይደርቅም እንደሆን፣ ይሰምጥም እንደሆን አታውቅም።

«አላሻሽጥሽም» አለቻት። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። በሐምሌ ነይና አብረን እንርገጠው። ያኔ ከወደድሽው እማኝ እንጠራለን።»

ሰይዳ ግራ ገብቷት ወደ አውቶቡሱ ተመለሰች። ወንዳፍራሽ እየጠበቃት ነበር። እብድ ሴት ናት ብሎ አጽናንቷት፣ አውቶቡሱ እስኪመጣ ከመንገዱ አጠገብ ያለ ሌላ ሜዳ ወስዶ በሌለ በር ጎንበስ ብሎ ገባላት። ስትሳፈርም «ባለቤትሽን ይዘሽ ነይ፣ ሳሎኑን እንዲያይ!» እያለ ጮኸ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ደላሎቹ ኦቦ ባጫን ጭምር ጠርተው ሻይ ቤቴ ውስጥ ሸንጎ ተቀመጡ። ክሱ የሱሉልታን መሬት ስም አጥፍታለች የሚል ነው። ከእንግዲህ ለገዢ የውሃ ነገር ላታነሳ በጥሩሰው አጽም ትማል፤ ካልማለች ማንም ባለመሬት መሬቱን አይሰጣት፣ ማንም ደላላ አብሯት አይቁም ተባለ።

«ለመሬቴ ስም አወጣሽለት» አሉ ኦቦ ባጫ ተቆጥተው። «ቢሻን፣ ቢሻን፣ ውሃ ውሃ አልሽ። ከእንግዲህ ማን ይገዛኛል? ልጄን በምን ልድር?»

የሳቸው ቁጣ እንደነካት ፊቷ ላይ ታየ። ቢሆንም ተነስታ ቆመች።

«ኦቦ ባጫ፣ አንቱን ያስቀየምኩት እውነት ነው፤ እሱን በሐምሌ እክሳለሁ» አለች። «እናንተ ግን ስሙኝ። ባሌን ያየኸውን ገዛህ ብላችሁ መለሳችሁት። ጥሩ ቃል ነው፣ እኔም እቀበለዋለሁ። እኔ የማሳየው ሰው የሚገዛውን አይቶ ይገዛል፣ አለቀ። በጥሩሰው አጽም ማይ ትሉኛላችሁ? የጥሩሰውን ስም በዚህ ቤት አታንሱት! አልምልም። ሐምሌ ይፍረደን። ሰይዳ ካልመጣች ሥራውን ትቼ አገሬ እገባለሁ። ከመጣች ግን ከዚህ አግዳሚ የሚያስነሳኝ ወንድ አልተወለደም።»

«በሐምሌ መሬት የሚያይ ዳክዬ ነው!» አለ ወንዳፍራሽ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ከዚያ በኋላ ማንም መሬት አልሰጣትም። የሰው ልብስ እያጠበች ትኖራለች፤ እጇ ሳይደርቅ መጥታ አግዳሚው ላይ ትቀመጣለች። ደላሎቹ በመጣች ቁጥር «ኳክ» ይላሉ። ከሰይዳ አንድም ወሬ የለም። እውነቱን ለመናገር እኔም ተስፋ ቆርጬ ነበር። መርካቶ ያለች ነጋዴ ክረምት ሙሉ ያላትን ሥራ ትታ ጭቃ ልትረግጥ ትመጣለች ብሎ ማን ያምናል? የሺወርቅን ግን አልነገርኳትም፣ ሻይዋን እቀዳላታለሁ እንጂ።

ሐምሌ ገባ፤ ዝናቡ ቆርቆሮዬን ሲደበድብ ዋለ። አውቶቡሱ መጣና ቆመ። አንድ ጆንያ ወረደ፣ አንድ ዶሮ የያዘ ሰው ወረደ። በሩ ሊዘጋ ሲል ጃንጥላ ወጣ፤ ከጃንጥላው ሥር ሰይዳ።

«ባለቤቴ በጥር እንግዛ ብሎ ሲነዘንዘኝ ነበር» አለች ለየሺወርቅ። «አላሻሽጥም ያለች ደላላ አይቼ ስለማላውቅ፣ ምክንያቷን ሳላይ አልገዛም አልኩት።»

ሻይ ቤቴን ዘጋሁና ተከተልኳቸው። ደላሎቹም ከኋላችን እስከ መንገዱ ዳር መጡ። ከመንገዱ አጠገብ ያለው የወንዳፍራሽ ሜዳ ኩሬ ሆኗል፤ መሃሉ ላይ ዳክዬዎች ይዋኛሉ። ሰይዳ ቆማ አየችና ዞር ብላ «አቶ ወንዳፍራሽ፣ ሳሎኑ የቱ ጋ ነበር?» አለችው። ከደላሎቹ መሃል አንዱ ሳቁ አመለጠው። ወንዳፍራሽ ባርኔጣውን ወደ ፊት ሳበ።

የኦቦ ባጫ መሬት ስንደርስ ታችኛው ግማሽ ውሃ ነበር። የሺወርቅ ቀሚሷን ሰብስባ ቀድማ ገባች፤ ሰይዳ ተከተለቻት። ውሃው ጉልበታቸው ደረሰ፣ ከዚያ ወረደ፣ ከዚያ አለቀ። ሜዳው በወዲያ በኩል ከፍ ይላል። ከፍታው ላይ ኦቦ ባጫ ከላሞቻቸው ጋር ቆመዋል፤ ላሞቹ ያመሰኳሉ። ሰይዳ ወጥታ መሬቱን በተረከዟ ደጋግማ መታችው። ጠንካራ ነው።

«ይኼን፤ ላሞቹ የቆሙበትን» አለች።

«ላሞቼስ የት ይቆማሉ?» አሉ ኦቦ ባጫ። ነገር ግን ፊታቸው በርቷል፤ ደረቁን ያየች ገዢ ዋጋ አታራክስም፣ የልጃቸውም ሠርግ ደረሰ። «ቶለ፣ ቶለ፣ እሺ» ብለው እጃቸውን ዘረጉላት።

የሺወርቅ ዝናቡ እየወረደባት «እህቴ፣ ያየሽውን ግዢ» አለች።  እኔ አለቀስኩ። ዝናብ ነው ብዬም አልዋሽም።

ከዚያ ወዲህ አዲስ አበባ ወሬው ተዳረሰ። ከአውቶቡስ የሚወርድ ሁሉ «በሐምሌ እንየው» ማለት ጀመረ፤ ያልተጻፈው ሕግም ፈረሰ። ወንዳፍራሽ ሳይቀር ቦት ጫማ ገዝቶ ሱሪውን እየጠቀለለ ይገባ ጀመር። የሺወርቅ ከሁሉም በላይ ሠራች። ባለመሬቱ ሁሉ ወደ እሷ መጣ፤ ኦቦ ባጫም ከፍ ካለው መሬታቸው ለቤት የሚሆን ቦታ በርካሽ ልስጥሽ ብለው ለመኗት።

እሷ ግን ከዚያ ውሃ ከሚያልፍበት ቤቷ አልወጣችም። አንድ ሐምሌ ልጠይቃት ሄድኩ። በአልጋዋ ሥር ውሃው እየተንቆረቆረ ይሄዳል፣ እሷ ከላይ እግሯን አጥፋ ትፈትላለች። ተናደድኩ።

«አንቺ ሴት» አልኳት፣ «ሰውን ሁሉ ደረቅ ላይ አስቀምጠሽ አንቺ ለምን ትበሰብሺያለሽ? ምን ቸገረሽና ነው የማትነሺው?»

እንዝርቷን አላቆመችም።

«እኔ ከዚህ ከተነሳሁ» አለች፣ «ወንዳፍራሽ በጥር ይሸጠዋል።»