የደላላው ጉበት

ሙስዐብን የማያውቅ ሰው ሰንበቴ ከብት ገበያ ገብቶ አያውቅም ማለት ነው። ድምፁ ከበሬዎቹ በላይ ይሰማል፤ ሆዱ ደግሞ ከድምፁ ቀድሞ ይደርሳል። ከቆላ የመጣው አፋርም ሆነ ከደጋ የወረደው ገበሬ እሱን መሃል አድርጎ ነው የሚጨባበጠው። ገዝቶም ሸጦም ኋላ ተመልሶ "አታለልከኝ" ያለው ሰው የለም። ለደላላ ከዚህ በላይ ምን ሀብት አለ?

ታዲያ የጤና ባለሙያዎች ከሚሴ ላይ "ምንም ሕመም የማይሰማቸውን ጎልማሶች ደም እንመረምራለን" ሲሉ፣ ሙስዐብ ማንም ሳይጠራው ሄደ። "የምትፈልጉት ጤነኛ ከሆነ እኔን እዩና ሌላውን ሸኙት" አለ። የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ፤ እሱ ግን የምሩን ነበር። በዚያ አገር የወፈረ ሰው ደላው እንጂ ታመመ አይባልም። ሚስቱ ሙናም ብትሆን የባሏን ሆድ የምታየው እንደ ቤቷ በረከት ነበር።

ውጤቱን የነገረችው ሪሀና የምትባል ነርስ ናት። "ጋሽ ሙስዐብ፣ የጉበትዎ ኢንዛይም ከፍ ብሏል። ጉበት ሲጎዳ ወደ ደም የሚለቀው ነገር ነው። ስኳርዎም ድንበሩ ላይ ቆሟል" አለችው። ቀጥላም ሁሉንም እንደምትጠይቀው፣ "አልኮል መጠጥ ይወስዳሉ?" አለችው።

"ላኪ፣ ላኪ፣ በፍጹም። አስተግፊሩላህ በይ፣ ልጄ። እኔ የአረቄ ሽታ እንኳ አላውቅም።"

በሩ ላይ ተራውን ይጠብቅ የነበረው ጎረቤቱ ቃሲም ከዚህ ሁሉ ንግግር የያዘው ጉበትና መጠጥ የሚሉትን ብቻ ነው። እነሱን ይዞ ወጣ።

ሪሀና ግን አልጨረሰችም። የጉበት ቫይረስ እንዳልተገኘበት ነገረችው። ሆዱን ዳሰሰች፤ ወገቡን ለካች። "ይሄ ጉበት ላይ የሚጠራቀም ስብ ይመስለኛል። ለስላሳ ይወዳሉ?" አለችው። መውደድ አለመውደዱን ማን ጠይቆት ያውቃል? በሰንበቴ ደላላ ካጨባበጠ በኋላ ሻጭም ገዢም ለስላሳ ይከፍቱለታል። ካልጠጣ፣ በከብቱ ላይ ያየው ነውር አለ ማለት ነው። ሙስዐብ ዕድሜውን ሙሉ የሰውን ንግድ ሲያሳምር ጉበቱን ሲያደልብ ኖሯል። ሪሀናም ለስላሳውን ትቶ ውሃ እንዲጠጣና በእግሩ እንዲሄድ መከረችው።

በገበያው ቀን ሰንበቴ ሲደርስ ወሬው ቀድሞት ደርሷል። ሙስዐብ ጉበቱ ተጎድቷል፣ ተደብቆ ይጠጣል፣ ቃሲም በጆሮው ሰምቷል አሉ። "አከም ጅርታ" ብሎ ደኅንነታቸውን ሲጠይቃቸው ዓይናቸውን ሰበር አድርገው የሚመልሱለት በዙ። ወላሂ ብሎ ሰው የሚያስማማ ደላላ ጠጪ ነው ከተባለ መሐላውን ማን ይቀበለዋል? እንጀራውም ስሙም በአንድ ወሬ ሊሄዱበት ነው።

ደግነቱ ኢሳ የተባለው የአርጎባ ነጋዴ በሬውን እንዲያሻሽጥለት አስቀድሞ አስይዞት ነበር። ሙስዐብ የከሚሴውን ባለ ሉካንዳ አቡበከርን አገናኘውና ዋጋ ሲያወጣ ሲያወርድ ቆይቶ አጨባበጣቸው። ኢሳ ወዲያው ለስላሳ አስከፍቶ ዘረጋለት። ሙስዐብ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ "አልጠጣም፣ ወንድሜ፤ አሏህ ይስጥልኝ" አለ።

ኢሳ ፊቱ ተለዋወጠ። "በሬዬ ላይ ምን አይተህ ነው?" አለው። አቡበከር ይህን ሲሰማ ገንዘቡን መልሶ ኪሱ ከተተ። ሰው ተሰበሰበ።

ሙስዐብ ጠርሙሱን ቢቀበል ነገሩ ሁሉ ይበርድ ነበር። ምክንያቱን ከተናገረ ደግሞ ያንኑ ወሬ በገዛ አፉ ማጽደቁ ነው። ጥቂት አሰበ፤ ከዚያ በዚያ የታወቀ ድምፁ ተናገረ።

"በሬው ንጹሕ ነው። የታመመው የኔ ጉበት ነው። ቃሲም የሰማው እውነት ነው፤ ጉበቴ ተጎድቷል። አረቄ ግን አልነካሁም፣ ወላሂ። አቡበከር፣ አንተ ታርዳለህ። ቆሞ የደለበ በሬ ስትከፍት ጉበቱን ምን ሆኖ ታገኘዋለህ?"

አቡበከር ጢሙን ዳሰሰ። "ገርጥቶ። ስብ ውጦት" አለ። "ከውጭ ግን ቆዳው ያበራል፣ ዓይን ይሞላል።"

"እኔም እንደዚያው ነኝ። ያደለበኝ ይሄ እናንተ በፍቅር የከፈታችሁልኝ ስኳር ነው። ከዛሬ ጀምሮ ውሃ ስጡኝ። ነውር ያለበት ከብት ካየሁ በአፌ እነግራችኋለሁ እንጂ በጠርሙስ አልነግራችሁም።"

ከዚያ ኢሳ ለስላሳውን መሬት አስቀመጠና ከራሱ ኮዳ ውሃ ቀዳለት። "ዱጋ ኬ፣ እውነትህን ነው" አለው። ሙስዐብ ቢስሚላህ ብሎ ጠጣ፤ ዱዓ ተደረገ፤ አቡበከርም ገንዘቡን ቆጥሮ ሰጠ። ሙስዐብ በዚያ ገበያ ብዙ በሬ አሻሽጧል፤ እንደዚያ ቀን ግን ደረቱን ነፍቶ አያውቅም።

ወራት አለፉ። ውሃው፣ ከቤት እስከ መናኸሪያ በእግር መሄዱና ቅቤ ላይ የቆጠበው የሙና እጅ አንድ ላይ ሆነው ሆዱን አጎደሉት። ሁለተኛው ምርመራ ላይ ኢንዛይሙ ወርዶ ነበር። ሙና ለጎረቤት ሁሉ ስትናገር የሰማት ባሏ የተሾመ ይመስለዋል።

አንድ ጠዋት ሪሀና የመመርመሪያ ክፍሏን በር ስትከፍት ሆዳቸው የገፋ ትልልቅ ወንዶች ደጇን ሞልተውት ቆመዋል፤ የሰንበቴ ደላሎች ናቸው፣ ከፊታቸው ባለ ሉካንዳው አቡበከር።

"ምናችሁን ነው ያመማችሁ?" አለቻቸው።

"ምንም" አለ አቡበከር። "ጤነኞች ነን። ግን ሙስዐብ ጉበታችሁን አስመርምሩ ብሎናል።"

"እሱ ስላለ ብቻ ከሰንበቴ ድረስ መጣችሁ?"

"ልጄ፣ እኛ በበሬ ዋጋ ቀኑን ሙሉ እንከራከራለን" አላት። "በሙስዐብ ቃል ግን አንከራከርም።" ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ሰጣት።