ባዶ እጅና የቀጠሮው ገጽ

ቢሮ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። «ባዶ እጅ» ነው የምንላት፤ ስሙን ያወጣሁላትም እኔው ነኝ፣ ምን ይደበቃል። እኛ ድረ ገጽ ስንሠራ ፍሬምወርክ ይዘን ነው የምንነሳው። ሌሎች ሰዎች አስቀድመው የጻፉትን ዝግጁ ኮድ፣ ከሚጫነው በተን እስከ ቀን መምረጫው ካላንደር፣ አምጥተን ገጣጥመን እናስረክባለን። እሷ ግን ድረ ገጹን የሚከፍተው ፕሮግራም፣ ብሮውዘሩ ራሱ ይዞት በመጣው ነገር ብቻ ትሠራለች። አንድ ቀን በጣም አናዳኝ «ሰው እንዴት ባዶ እጁን ሥራ ይገባል?» አልኩ፤ ስሙ እዚያው ተለጠፈባት። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ፣ በማግስቱ የሻይ ኩባያዋ ላይ በማርከር ጽፋው መጣች።

አርባ ሰባት ዓመቷ ነው፤ እኔን በአሥራ አራት ዓመት ትበልጠኛለች። ኮምፒውተር ከመያዟ በፊት ማተሚያ ቤት ነበረች፤ የጥሪ ካርድና የደብተር ሽፋን ታሰናዳ ነበር። ማተሚያ ቤቱ ሲዘጋ፣ ከእህቷ ጋር በምትኖርበት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ፣ የእህቷ ባል ጥሎት የሄደውን አሮጌ ኮምፒውተር ከአልጋ ሥር ጎትታ አወጣች። ያ ኮምፒውተር ፍሬምወርክ ሲጭኑበት ይታፈናል፤ ማራገቢያው ይጮህ ይጮህና ድርግም። ስለዚህ የሌላትን ትታ ያላትን መማር ጀመረች። ብሮውዘር ምን ምን እንደሚችል የሚያስረዳውን ረጅም ማብራሪያ፣ ሰው ልብ ወለድ እንደሚያነበው፣ ከዳር እስከ ዳር አነበበችው። ከእኛ መሃል ይህን ያደረገ የለም። እኔ ራሴ፣ የቡድኑ ኃላፊ ተብዬ፣ አላደረግኩትም።

ስንከራከር አንድ ዓይነት ነው።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እላታለሁ። «ሌላው የደከመበትን ደግሜ የምደክምበት ምን በወጣኝ?»

«ልክ ነህ» ትለኛለች። «ግን መጀመሪያ ሎሚ ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቅ።»

ድምጿን ከፍ አታደርግም። የሚያበግነኝም እሱ ነው፤ ብትጮህ እኮ እኔም ጮኬ ይወጣልኝ ነበር።

በዚህ መሃል አንድ የዓይን ክሊኒክ የቀጠሮ ገጽ አሠራን። እዚያ ለሃያ ሁለት ዓመት ስልክ ሲያነሱና ቀጠሮ ሲይዙ የኖሩ ሰው አሉ፤ ሁሉም «ጋሽ ስልክ» ነው የሚላቸው። ዓይናቸው ከወጣትነታቸው ጀምሮ አያይም። ቀጠሮውን በጣት በሚነበበው በብሬል ጽሑፍ እየመዘገቡ ነበር የኖሩት። ክሊኒኩ ሁሉም ነገር ኮምፒውተር ላይ ይሁን ሲል እሳቸውም ተማሩ፤ ማውስ አይነኩም፣ በኪቦርድ ብቻ ነው የሚሠሩት፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን ደግሞ አንባቢ ፕሮግራም በጆሯቸው ይነግራቸዋል። ሥራ አስኪያጁ ግን ቁርጡን ነገረን። «ሰኞ እኔ ባለሁበት በአዲሱ ገጽ ይሞክራሉ። ከቻሉ ይቀጥላሉ። ካልቻሉ በጡረታ እንሸኛቸዋለን፤ ደብዳቤው ተዘጋጅቷል።» ጋሽ ስልክ ገና የሚያስተምሯቸው ሁለት ልጆች አሏቸው። የጡረታ ዕድሜያቸውም ሰባት ዓመት ይቀረዋል።

ገጹን እኔ ሠራሁት። እንዴት ያምር ነበር! ረቡዕ ዕለት ለመጀመሪያ ሙከራ ስንሄድ ባዶ እጅን አስከትያት ሄድኩ፤ እውነቱን ልናገር፣ አይታ እንድትቀና ነው።

ጋሽ ስልክ ሁለት ስልክ ያለበት ጠባብ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል። ማዳመጫውን አንድ ጆሯቸው ላይ አድርገው ቁልፍ ተጫኑ። እኛም እንድንሰማ ድምጹን ከፍ አደረጉልን። «ስም፣ መጻፊያ» አለ አንባቢው። እንደገና ተጫኑ። «ስልክ ቁጥር፣ መጻፊያ።» እንደገና ተጫኑ። «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው።» ገጹ አለቀ። ያ ሁሉ የተጨነቅኩለት ካላንደር፣ «መዝግብ» የሚለው አረንጓዴ በተን፣ የት ገቡ? ጋሽ ስልክ ከላይ ጀመሩ። እንደገና ከላይ ጀመሩ። ሰባት ጊዜ ቆጥሬያለሁ። ከዚያ ማዳመጫውን ቀስ ብለው አወለቁ።

«ይቅርታ ልጄ» አሉኝ። «እኔ ነኝ መሰለኝ ያልቻልኩት። ሲያረጁ እንዲህ ነው።»

የምገባበት ጠፋኝ። ገጹ የእኔ፣ ጥፋቱ የእኔ፣ ይቅርታ ጠያቂው እሳቸው። እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ስንወጣ ደረጃው ላይ ያዝኳት። «ምንድነው የሆነው?»

«በተን አልሠራህም እኮ» አለችኝ። «የበተን ሥዕል ነው የሠራኸው። ተራ ሳጥን ወስደህ ቀለም ቀባኸው፣ ጠርዙን አጎበጥከው። ዓይን ይታለላል። አንባቢው ግን ሥዕል አያይም፤ ባዶ ሳጥን አግኝቶ ዘሎት ሄደ። ካላንደሩም እንደዚያው ነው። ብሮውዘሩ የራሱ በተን አለው፤ እሱን ብታስቀምጥ በተን መሆኑን ራሱ ይናገራል፣ በኪቦርድም ይጫናል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሦስት ጊዜ ነግሬሃለሁ። 'አያምርም ወይ?' አልከኝ።»

«እሺ፣ ፍሬምወርኩ ነው ጥፋተኛው በይኛ!»

«ፍሬምወርኩ ምን አደረገ? በእሱም ትክክለኛ በተን ማስቀመጥ ይቻላል። አንተ ነህ ያላስቀመጥከው።»

ኧረ ምሕረት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም!

ሐሙስ ጠዋት ማንም ሳይመጣ ገባሁና ባዶ ፋይል ከፈትኩ። ምንም ሳልጭን፣ ምንም ሳላመጣ፣ ልየው እስቲ ብዬ። ስም መጻፊያ አስቀመጥኩና «ይህ ግዴታ ነው» የሚል ትርጉም ያለው አንድ ቃል ጨመርኩበት። ሳልሞላ ስልከው ብሮውዘሩ ራሱ «ይህን ይሙሉ» ብሎ መለሰኝ። ይህንኑ ለማሠራት እኮ እኔ ስንት መስመር እጽፍ ነበር! ብቅ የሚል የማረጋገጫ መስኮት ሞከርኩ። በአንድ ቁልፍ ተዘጋ፤ ተዘግቶም መጀመሪያ ወደነበርኩበት ቦታ መለሰኝ። አሥራ አንድ ዓመት በብሮውዘር እንጀራዬን ስበላ፣ ውስጡ ምን እንዳለ ጠይቄው አላውቅም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚሉት እኔን ነው። ተናደድኩ፣ ደግሞ ደስ አለኝ። ባዶ እጅ ስትገባ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ በጥያቄ አጣደፍኳት። «ይሄስ አለው? ይሄንንስ ይችላል? ከመቼ ጀምሮ?»

«ቀስ በል፣ አይጠፋም» አለችኝ እየሳቀች።

ገጹን አብረን እንደ አዲስ ጀመርነው። ካላንደሩ ላይ ስንደርስ ግን ቆምን። ብሮውዘሩ ቀን መምረጫ አለው፤ ግን የትኛው ቀን እንደሞላ አይናገርም። ጋሽ ስልክ ቀን መርጠው፣ ጽፈው፣ ልከው፣ ከዚያ በኋላ ነው «ሞልቷል» የሚባሉት።

«እህ!» አልኩ። «አሁንስ? እዚህ ላይ የእኔ ፍሬምወርክ ይግባ፤ ጥሩ ካላንደር አለው፣ በአንባቢም የሚሠራ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ «አላውቅም» አለች። «እሳቸውን እንጠይቃቸው።»

ደወልንላቸው። ሰዎች ሲደውሉ የትኛውን ቀን እንደሚጠይቁ ባዶ እጅ ስትጠይቃቸው ጋሽ ስልክ ሳቁ።

«ዓይኑን የታመመ ሰው ቀን አያማርጥም፣ ልጄ። 'ቅርብ ያለው መቼ ነው?' ነው የሚለኝ። ቅርብ ያሉትን ሦስት ክፍት ሰዓቶች እነግረዋለሁ፤ አንዱን ይይዛል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው።»

ስልኩ ተዘጋ፤ ሁለታችን ተያየን። ካላንደር ጭራሽ አያስፈልግም! እኔ ከውጭ ላመጣው፣ እሷ ከውስጥ ልትፈልገው ስንፋጭ፣ ጠያቂ የሌለው ነገር ነበር። ሦስት ሰዓቶች በዝርዝር አስቀመጥን፤ አንዱን መርጦ «መዝግብ» ማለት ብቻ።

አንድ ነገር ቀረ። ክሊኒኩ ውስጥ ሌላ ቀጠሮ ያዥ አለች፤ እሷ አንዱን ሰዓት ስትወስድ የጋሽ ስልክ ዝርዝር ወዲያው መቀየር አለበት፣ አንባቢውም መናገር አለበት። ባዶ እጅ ለዚህ የራሷን ኮድ መጻፍ ጀመረች። ዓርብ ጻፈች፣ ቅዳሜም ገብታ ጻፈች። ቅዳሜ ከሰዓት በትከሻዋ በኩል አጮለቅኩ።

«ይሄ ምንድነው?»

«የተቀየረውን ለይቶ የሚያድስ ነው።»

«ይሄኛውስ?»

«ሌላ ገጽ ላይም እንዲያገለግል ብዬ ለብቻው ያወጣሁት።»

«እትዬ» አልኳት፣ ሳቅ እየተናነቀኝ፣ «አንቺ እኮ ፍሬምወርክ እየጻፍሽ ነው!»

ስክሪኑን አየች። ወደ ላይ ሄደች፣ ወደ ታች ሄደች። ከዚያ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «ወይኔ፣ ሳላስበው ወለድኩ! ለማንም እንዳትናገር።» ለሁሉም ነገርኩ።

እና ማን ረታ ብትሉኝ፣ አላውቅም። እስከ የት ድረስ ብሮውዘሩ ራሱ ያለው ይበቃል፣ ከየት ጀምሮ ነው ከውጭ የሚመጣው? ይህን መስመር ከሁለት አንዳችን እናውቀዋለን ብዬ ነበር። አሁን ሥራ በመጣ ቁጥር ይሄንኑ እጠይቃለሁ፤ ድሮ አልጠይቅም ነበር።

ሰኞ ደረሰ። ሥራ አስኪያጁ እጁን አጣምሮ ከጋሽ ስልክ ኋላ ቆመ፤ እኛ ግድግዳው ጋ። ስልኩ ጮኸ። ጋሽ ስልክ እያዋሩ ጻፉ፣ ሰዓት መረጡ፣ መዘገቡ። ሁለተኛው ሰው ደወለ፤ እሱም አለቀ። በሦስተኛው ላይ፣ ጋሽ ስልክ የአራት ሰዓቱን ነግረው ሳይጨርሱ፣ ያቺ ሌላዋ ቀጠሮ ያዥ ሰዓቱን ወሰደችው። የእሷ ኮድ የሚፈተነው አሁን ነው፤ ባዶ እጅ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። አንባቢው ጆሯቸው ላይ አንድ ነገር አንሾካሾከ።

«ይቅርታ፣ እመቤቴ» አሉ ጋሽ ስልክ ለደዋይዋ፣ ድምጻቸው ሳይለወጥ። «የአራት ሰዓቱ አሁን ተያዘ። አራት ተኩል ልያዝልዎት?»

ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገ። «በቃ ጋሼ፣ ይቀጥላሉ» አለና ወጣ።

ጋሽ ስልክ ማዳመጫውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ከዚያ አንደኛውን ስልክ አንስተው ቁጥሩን በጣታቸው እየዳሰሱ መቱ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ነገም ሥራ እገባለሁ።»

ስልኩን ወደ ጆሯቸው ይበልጥ አስጠጉ።

«ሰማሽኝ? ነገም እገባለሁ፣ ከነገ ወዲያም። ኧረ ተይ አሁን፣ ምን ያስለቅሳል?»

ሁለተኛው ስልክ ጮኸ። ጋሽ ስልክ አላነሱትም፤ ሚስታቸውን እያባበሉ ነበር።