የእማዬ የጋዜጣ ግድግዳ

ወደ ናይሮቢ ልሄድ ሻንጣዬን የዘጋሁ ምሽት፣ ወሰን ሰፈር አብረን በተከራየናት የሥዕል ክፍል ውስጥ ጓደኛዬ ትዕግሥት መሬት ላይ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። እኔ ስለምሄድ መስሎኝ አንጀቴን በላችው። ለካ የምታለቅሰው አንድ ገጽ መጻፍ አቅቷት ነው።

ወይዘሮ ሰብለ የሥዕል አማካሪ ናቸው፤ ሠዓሊን ከባንክ፣ ከመሥሪያ ቤት፣ አዲስ ቪላ ከሠራ ሀብታም ጋር ያገናኛሉ። የሁለታችንንም ሥራ ካዩ በኋላ፣ ገዢ ታሪክም ይፈልጋልና ስለ ራሳችሁ ጻፉ አሉን። እኔን እሄዳለሁ ስላልኩ ተዉኝ፤ ደንበኛ መጥቶ የሚያናግረው ሰው ነው የምፈልገው አሉ። ትዕግሥት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያደገች ልጅ ናት፤ ምን ታሪክ አለኝ ትላለች። እጇ ግን፣ ለምን እዋሻለሁ፣ ከእኔ ይበልጣል።

ታዲያ የእኔን ሰጠኋት። ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ ቶሎ ቶሎ ጻፍኩላት። እንጦጦ ማርያም አጠገብ ባለችው ጭቃ ቤታችን እናቴ ለብርዱ ብላ ግድግዳው ላይ ጋዜጣ ትለጥፍ ነበር። እኔ ደግሞ ጋዜጣው ላይ ባሉት ባለሥልጣኖች ፊት በእስክሪብቶ ጢምና ቀንድ እስል ነበር። ሲሞላ እናቴ ሳትቆጣ በላዩ አዲስ ትለጥፍልኛለች፤ ሥዕል የተማርኩት እዚያ ነው ብዬ ጻፍኩ። ከእንግዲህ ለእኔ ምን ያደርግልኛል ብዬ እኮ ነው። ሞኝ!

ናይሮቢ ኡጋሊ የሚሉት ምግብ አለ፤ ቅቤና በርበሬ የተነፈገው ገንፎ በሉት። ሐምሌ ላይ ብርድ ነው ብለው ካፖርት ይደርባሉ፤ እኔ የእንጦጦ ልጅ ስቄ አልፋለሁ። አከራዬ ሥራዬን ሲጠይቀኝ አርቲስት ነኝ አልኩት። በጣም ደስ ይላል አለና፣ ኪራዩን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ጠየቀኝ። ሌላ ሥራ ይዤ እስክመጣ ድረስ ቁልፉን ከኪሱ አላወጣም። አሁን ፍሬም ቤት ተቀጥሬ በሰው ሥዕል ዙሪያ እንጨት እመታለሁ።

አንድ ቀን ትዕግሥት ቪዲዮ ላከችልኝ። አንድ ባንክ አራት ትልልቅ ሥዕሎቿን ገዝቶ አዳራሹ ውስጥ ሰቅሏል። ከጎናቸው እኔ የጻፍኩት ታሪክ፣ ከሥሩ የሷ ስም። እንኳን ደስ አለሽ የኔ ቆንጆ ብዬ ጻፍኩላትና ስልኩን አልጋ ላይ ወረወርኩት። ቀናሁ። እንዲህ የሚያንገበግብ ቅናት መኖሩን አላውቅም ነበር። ሥዕሉስ እሺ፣ ይገባታል፤ እኔን ያቃጠለኝ የእማዬ ጋዜጣ ነው። ለወይዘሮ ሰብለ እውነቱን ልጽፍ ስንቴ ጀምሬ ተውኩት። ትዕግሥት ትዋረዳለች፤ ደግሞስ በገዛ እጄ አይደል የሰጠኋት?

ዛሬ ቅዳሜ እማዬ ጋ ደወልኩ። እንግዳ መጥቶልኝ ነበር አለችኝ፣ ድምጿ በደስታ ሞልቶ። ወይዘሮ ሰብለ፣ ትዕግሥትና የባንኩ ሰዎች ታሪኩን አንብበው ግድግዳውን ሊያዩ መጥተው ኖሯል። የላይ የላዩን ጋዜጣ በውኃ እያራሱ ሲልጡት የልጅነት ሥዕሎቼ ብቅ ብቅ አሉ፤ ለኤግዚቢሽን ነው ብለው ይዘዋቸው ሄዱ።

"የሳለው ማነው ሲሉኝ ልጄ ናት አልኳቸው" አለች። "ትዕግሥት አቅፋኝ ቆማ ነበር። አጨበጨቡ፣ ፎቶም አነሱን።"

ልጄ ስትል እነሱ የገባቸው አጠገቧ የቆመችው ናት። ትዕግሥትም አፏን ሞልታ አይደለሁም አላለችም። ይህን ለእማዬ እንዴት አድርጌ ልንገራት? ምንም አልቀረም ወይ ብቻ አልኳት።

"ከአልጋዬ ጀርባ ያለው ነው የቀረው። ትዕግሥት ደሞ እንዴት ያለች ልጅ መሰለችሽ! የተላጠውን ነጭ ቀለም ቀብታልኝ ቤቱ ፏ ብሏል። የቀረውን ነገ ከቅዳሴ መልስ እጨርስልሻለሁ ብላኛለች። እማዬ ነው እኮ የምትለኝ።"

"እማዬ፣ አልጋውን እንዳታስነሺ።"

"ውይ፣ ለምን?"

"ዝም ብለሽ አታስነሺው። እኔ እስክመጣ።"



"መቼ ነው የምትመጪው?" አለችኝ።