አባቴ ማይክ የያዘ ቀን

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ወጥቶ ትምህርት በተጀመረ ሰሞን ነው። ለሰው አውርቼው አላውቅም። እናቴ "ጻፊው፤ ምን ያሳፍራል?" ስላለችኝ ነው የጻፍኩት።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ። ለተማሪዎቼ ስለ ስም አወጣጥ ላስተምር አስቤ የሚያግዘኝ ነገር ስፈልግ፣ አንዲት ባልደረባዬ በዚሁ ጉዳይ ከዓመታት በፊት ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የተሰጠ ንግግር እንዳለ ነገረችኝ። አንድ የከተማችን ነጋዴ ሲያርፉ ቤተሰቦቻቸው በስማቸው ገንዘብ አስቀምጠዋል፤ በእሱም በየዓመቱ አንድ ምሁር እየተጋበዘ ስለ ቋንቋ፣ ስለ ታሪክ ወይም ስለ ባህል ይናገራል። አዳራሹ ለማንም ክፍት ነው። ንግግሩም እየተቀረጸ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ይቀመጣል።

ቅጂዎቹን የሚጠብቁት ወይዘሮ ሂሩት የፈለግኩትን ከፍተው ማዳመጫ ሰጡኝ። ንግግሩ ደስ ይል ነበር። የጥያቄ ሰዓት ሲደርስ ይበቃኛል ብዬ ልዘጋው ስል አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። እጄ ባለበት ቀረ። አባቴ ነበር።

አባቴ ቁይ ከተማ አጠገብ ሲያርስ የኖረ፣ ዕድር ላይ እንኳ ከኋላ ተቀምጦ ሌሎችን የሚሰማ ሰው ነበር። ካረፈ ዓመታት አልፈዋል። ፎቶው ግድግዳ ላይ አለ፤ ድምፁን ግን ያስቀረ ማንም አልነበረም። እናቴ ሁልጊዜ የሚቆጫት ይኸ ነበር።

"እኔ እንኳ ጥያቄ የለኝም" አለ። ለዓይኑ ሕክምና ወደ ከተማ መጥቶ፣ ሰው ሲገባ አይቶ እንደገባ ተናገረ። ቀጥሎ የእኔን ስም ጠራ።

"ልጄን ዘገየች ብያታለሁ። ሰው ምነው ልጅቷን ትወቅሳታለህ ይለኛል። ወቀሳ አይደለም። ሳንወልድ ብዙ ዘመን ተቀመጥን። ዘመዶቼ ይችን ፍታና ሌላ አግባ አሉኝ። እንቢ አልኩ። ልጅቱ ስትወለድ፣ ዘገየች እንጂ አልቀረችም ብዬ ስሟን መልስ አደረግሁላቸው። ለእሷ ግን ነግሬያት አላውቅም። እናቷ ከሰማች ታዝናለች።"

አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ወይዘሮ ሂሩት ምንም ሳይጠይቁኝ በሩን ገርበብ አድርገው ወጡ። ሲመለሱ አባቴ መሆኑን ነገርኳቸው። አስፈቅደው ያችን ክፍል ስልኬ ላይ ጫኑልኝ።

ቁይ እስክደርስ አውቶቡስ ውስጥ ጨንቆኝ ነበር። እናቴ ድምፁን ናፍቃለች። ባሰማት ግን እሱ ዕድሜውን ሙሉ የደበቀላትን ልነግራት ነው። ያን ቦታ አስቆርጬ ላምጣላት ብዬም ነበር፤ ከአባቴ ቃል ላይ መቁረጡን ግን እጄ አልደፈረውም።

አሰማኋት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ ስልኩን መለሰችልኝ። አስከፋኋት ብዬ ይቅር በይኝ ልላት ስል ቀደመችኝ።

"ዘመዶቹ ያሉትን ያኔውኑ ሰምቻለሁ" አለች። "ከየት ይደበቃል? ጎረቤት አለ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽውም?"

"ሰማች ብሎ እንዳይሳቀቅ ነዋ።" ነጠላዋን አስተካከለችና "እኔንም ወንድሜ፣ እሱ ይሆናል መካኑ፣ ጥለሽው ነይ ብሎኝ ነበር። በቁጣ መለስኩት። አባትሽ ይህን ሳያውቅ ሞተ" አለች።

ከዚያ ወዲያ ሁለቱን ሳስብ ልቤ ይሞላል። አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ መሶብ ቀርበው፣ አንዱ ሌላውን ከክፉ ወሬ ሲከልል ኖረዋል። እኔም ከመሐላቸው አድጌ ምንም አላየሁም።

አሁን ቁይ ስሄድ እናቴ ስልኬን ወዲያው አትጠይቀኝም። በልተን፣ የጎረቤቱን ሁሉ ወሬ ከነገረችኝ በኋላ ቁጭ ብላ፣ "እስቲ አባትሽን አምጪው" ትለኛለች።