ያልጎረስኩት ጉርሻ

ኤስኲሊኖ ገበያ ውስጥ ሻጩ ሐብሐቡን ለሁለት ሲከፍለው ቀዝቃዛው፣ ጣፋጩ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ‹‹ሲኞራ፣ ግማሹን ልስጥሽ?›› አለኝ በጣልያንኛ። ግማሹም ይበዛብኛል፤ ብቻዬን ነው የምኖረው። ቢሆንም ገዝቼው ወደ ሰፈሬ፣ ወደ ፒኜቶ በሚሄደው ትራም ተሳፈርኩ። ጭኔ ላይ አስቀምጬው መንገዱን ሙሉ ያንን የሰኔ ቀን ሳስብ ሄድኩ።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ በነበረው የስደተኞች ካምፖ ውስጥ ሆነን ዶኩሜንቶ፣ የመኖሪያ ወረቀታችንን፣ እንጠብቅ ነበር። ጸጉር የሚቆርጥልን አንድ ያገራችን ሰው ነበረ። እኔማ ጫፉን አስተካክልልኝ እያልኩ ስመላለስ ጸጉሬ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። ልንጋባ ተነጋገርን። ለእናቴ ደውዬ የአባቱንና የአያቱን ስም ሰጠኋት፤ እኛ ቤት ጋብቻ ሲታሰብ እስከ ሰባት ቤት አጥንት ይቆጠራል። ከሁለት ሳምንት በኋላ መልሷ መጣ። ‹‹ሴት አያቱ ተሽጣ የመጣች ናት። እሱን ካገባሽ እናት የለኝም በይ።›› ለእሱ አልነገርኩትም።

እንግሊዝኛ የምታስተምረን ጥቁር አሜሪካዊት ድግስ ያዘጋጀችልን በዚያው ሰሞን ነው። ቅድመ አያቶቿ ከባርነት የወጡበት በዓል ነው አለች። የሚተረጉምልን እሱ፣ ጸጉር ቆራጩ ነበር። ቴክሳስ የነበሩት ባሪያዎች ነጻ ናችሁ የሚለው አዋጅ ከወጣ በኋላም ሳይነገራቸው ሁለት ዓመት ተኩል በባርነት ኖሩ። ወታደሮች መጥተው አዋጁን ያሰሙበትን ቀን ነው ልጆቻቸው የሚያከብሩት። የፈሰሰውን ደም ለማሰብም ቀይ ይበላሉ፣ ቀይ ይጠጣሉ። ጠረጴዛው ላይ ሐብሐብና ከርከዴ ነበር፤ እኛ ሴቶቹም እንጀራና ቀይ ወጥ ጨምረንበታል።

ተርጉሞ ሲጨርስ አልተቀመጠም።

‹‹አሎራ፣ እንግዲህ የራሴንም ልጨምር›› አለ። ‹‹የኔም አያት ባሪያ ነበረች። እኛም አገር ባርነት በአዋጅ ቀርቷል። ሰርግ ስንጠራ ግን እስከ ዛሬ የምንቀመጠው በር ላይ ነው።››

ያገሬ ሰዎች አንገታቸውን ደፉ። እሱ ግን ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣና ወጡን በእንጀራ ጠቅልሎ ወደ አፌ ዘረጋው። ‹‹አንድ ያጣላል፤ ሁለተኛውም ይመጣል›› አለኝ እየሳቀ። የበርበሬው ሽታ አፍንጫዬ ስር ነበር። ሁሉም ያየኛል። አፌን ሳልከፍት በመዳፌ ተቀበልኩት፤ ‹‹ጠግቤያለሁ›› ብዬ ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩት። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም ነበር።

ሳቁ ፊቱ ላይ ትንሽ ቆየ። ‹‹እናትሽ ናቸው?›› አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። ሳህኑን ወደ እሱ ገፋ አደረግኩት። ‹‹ቫ ቤኔ፣ ይሁን›› አለና ጉርሻውን አንስቶ ራሱ በላው። ወር ሳይሞላ ዶኩሜንቶው ወጣለትና ወደ ሰሜን ሄደ። ሲሰናበተን ሌሎቹን ሁሉ አቅፎ ሳመ፤ እኔን ጨበጠኝ።

ባለፈው ፋሲካ እናቴ ደወለች፤ አርጅታለች። ‹‹ልጄ፣ እስከ መቼ ብቻሽን? ያ ጸጉር ቆራጩ የት ደረሰ? ያኔ ብታገቢው ምን ነበረበት›› አለችኝ። የከለከለችኝ እሷ መሆኗን ረስታዋለች። ልቆጣት አልቻልኩም። ያን ቀን አፌን የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ እሷ እዚያ አልነበረችም። ‹‹እሺ እማዬ›› አልኳት።

ከተሰነባበትን በኋላ የሱን ቁጥር ስልኬ ውስጥ ፈለግኩ። የለም። ያኔ አንድ ግቢ ነበር የምንኖረው፤ ስልክ ተለዋውጠን አናውቅም።