ያለ ዋስ የተገዛ ስም

በ2016 ዓ.ም. ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። እኔ አማኑኤል ከተማ ተቀምጬ ኮርቻ እሠራለሁ፤ ልጄ ደብረ ማርቆስ ሆና በኢንተርኔት ትሸጣለች። ለዚሁ ብላ የመንግሥት ሥራዋን ለቃለች። ሰው በስልኩ «ኮርቻ» ብሎ ሲፈልግ የእኛ ድረ ገጽ ከላይ ከወጣ ይደውላል። ከታች ከሆነ ማን ወርዶ ያየዋል? እንጀራዋ ይኸው ነው።

ኅዳር ላይ ልጄ ትእዛዝ የምትነግረኝ ስልክ ዝም አለ። ለጥምቀት ብሎ ፈረስ ያለው ሁሉ ኮርቻ የሚያድስበት ወቅት ነው። መጀመሪያ ኔትወርክ ነው አልሁ። ቀጥሎ ስፌቴ ተጠልቶ ይሆን ብዬ የጨረስሁትን ኮርቻ ፈትቼ እንደገና ሰፋሁት። አሁንም ትእዛዝ የለም። ሚኒባስ ይዤ ደብረ ማርቆስ ሄድሁ።

ልጄን ሱቋ ውስጥ ኮምፒውተሩ ፊት ገርጥታ አገኘኋት።

«ተቀጥተናል አባየ። ፍለጋውን የሚያካሂዱት ከዝርዝራቸው አውጥተውናል።»

«ምን ሰርቀን?»

ነገሩን ነገረችኝ። መስከረም ላይ ባለቤቱ የተወውን የድረ ገጽ ስም ገዝታ ኖሯል። ብዙ ሰው የሚያውቀው ስም ነው ብላ፣ ያንን የሚከፍት ሁሉ ወደ እኛ እንዲመጣ አዞረችው። ስሙ በፍለጋው ላይ ያለው ክብርም አብሮ ይመጣል ብላ ነው። ለጥቂት ሳምንት እውነትም ወደ ላይ ወጣን። ከዚያ ቁልቁል።

«ሰውየው በዚያ ስም ምን ይነግድ ነበር?»

«ቁማር... ማጭበርበርም ነበረበት። ስሙ ድሮውንም የተቀጣ ነው።»

«እና አንቺ ቁማርተኛውን እየመራሽ ደጃችን አመጣሽው!»

«እኔ ምን አውቄ?»

«በሬ ስንገዛ ዋስ የምንጠራው ለምን ይመስልሻል?»

«እርስዎ ደግሞ ሁሉን ነገር ከብት ያደርጉታል!»

«ከብትማ ይሻላል፤ አፉን ከፍተው ጥርሱን ያያሉ።»

ማዞሩ ራሱ ጥፋት እንዳልሆነ ነገረችኝ። አምና የራሳችንን አሮጌ ስም ወደ አዲሱ አዙራው ምንም አልደረሰብንም፤ ደንበኛውም ተከትሎን መጣ። የጎዳን ይህ የሰው ስም ነው።

«ቁረጪዋ እንግዲያ!»

«ብቆርጠውም ወዲያው አይመልሱንም። ማመልከት አለ፣ መጠበቅ አለ። ጭራሽ ላይመልሱንም ይችላሉ።»

«እስከ መቼ ነው የሚጠበቀው?»

«አይታወቅም።»

ዝናብ ቢዘገይ ወሩ ይታወቃል፤ እህል ቢያልቅ አዝመራው ይታወቃል። ይህስ? ልጄ የለቀቀችው የመንግሥት ወንበር ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል።

«ቁረጪው» አልኋት።

አንዲት ነገር ተጫነች፤ አለቀ። ማመልከቻውን ስትጀምር «ምን ልበል?» ብላ ዞረች።

«የሆነውን በያ። ሳላጣራ ገዛሁ፣ አሁን ቆርጫለሁ በይ። ሌላ ነገር አትጨምሪ።»

ጽፋ ላከችው። ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠን ሁለታችንም እሱን እያየን ተቀመጥን። አልጮኸም።

በማግስቱ ማለዳ ከሱቋ ሁለት ኮርቻ አውርጄ በትከሻዬ ተሸከምሁና የደምበጫ ሚኒባስ ተሳፈርሁ፤ የገበያ ቀን ስለነበር እዚያው ልሸጣቸው ብዬ።